የተማርንበት ዕዳ ለማን ይከፈላል?

በምዝገባ ቀን ከፈረምንባቸው ወረቀቶች መካከል አንዱን ከመካከላችን አንድም ሰው አንብቦት እንደሆነ እንጃ። እርሱም የወጪ መጋራት ውል ነው። ሰልፉ ከሬጅስትራሩ መስኮት ተነሥቶ እስከ ካፌው ደጃፍ ተዘርግቷል፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ከኋላ ያለው ይገፋል፤ ከፊት ያለው ጉርድ ፎቶውን ረስቶ ሲመለስ ተራውን ያጣል። ወረቀቱ እጃችን ሲገባ ስም፣ የአባት ስም፣ ወረዳና ቀበሌ ሞላን። ምግብ፣ መኝታ፣ ትምህርት ከሚሉት መስመሮች ትይዩ የተጻፈውን አኀዝ በዓይናችን ዳሰስ አደረግንና ፈረምን። ፊርማ ያልነበረን ልጆች እንኳ በዚያች ቅጽበት ፊርማ ፈጠርን። ይኸው ነው። ዕዳ እንዲህ ቀላል ነገር መሆኑን ማን አስቦት ያውቃል?

ከዶርማችን ስድስት ልጆች አንዱ የሞያሌ ልጅ ነው። ሞያሌን ለማያውቅ፥ ድንበር መሐሏን ሰንጥቆ ግማሿን ለእኛ፣ ግማሿን ለኬንያ ያደላት ከተማ ናት። የዚህ ልጅ አክስት የተዳረችው ከመንገዱ ማዶ ነው። ስለዚህ የአክስቱ ልጅ ኬንያዊ ሆኖ ናይሮቢ ይማራል፤ እርሱ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ከእኛ ጋር ሽሮ ይበላል። ሁለቱም የአንዲት አያት የልጅ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ዓመት ፍሬሽማን ገቡ። በስልክ ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሡት ጨዋታ ዕዳ ማወዳደር ሆነ። እኛም አልጋችን ላይ ጋደም ብለን የሁለቱን ሙግት ስንሰማ ሰነበትን፤ እየዋለ እያደረ ግን ራሳችን ተሟጋቾች ሆነን ተገኘን።

ነገሩ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለኢኮኖሚክስ ልጆች ትተንላቸው በተኛን። አይደለም። አንድ ሰው በሌላው ወጪ ሲማር ምን ይወድቅበታል? የወደቀበት ነገር ዕዳ ነው ወይስ ውለታ? ዕዳ ከሆነ ለማን ይከፈላል? ለመንግሥት ነው? ለገበሬው ነው? ለአባትና እናት ነው? ባይከፈልስ ስርቆት ይባላል ወይ? ይህን ጥያቄ ሁሉም ጎረቤቶቻችን በየራሳቸው መንገድ ሊመልሱት ሞክረዋል፤ እኛም ሞክረናል። መልሶቹን ጎን ለጎን ብናያቸው ቢያንስ የራሳችን ወረቀት ምን እንደሚል ይገለጥልን ይሆናል ብለን ይህን ጻፍን። (የጎረቤቶቻችንን ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛው አድርገናል። አንባቢ ይታገሠን።)

አስቀድመን ወደ ናይሮቢ እንሻገር። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በ1970 ራሱን ችሎ ከመቆሙ በፊት የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ይባል የነበረው ተቋም አንድ እግር ነበር። ሌሎቹ ሁለት እግሮች የኡጋንዳው ማኬሬሬና የታንዛኒያው ዳሬሰላም ናቸው። በነጻነት ማግሥት የገቡት ተማሪዎች ሁሉ ነገር ተሟልቶላቸው ተማሩ፤ አዲሱ መንግሥት የተማረ ሰው ጠኔ ነበረበትና። በ1970ዎቹ አጋማሽ ብድር መጣ። በ1995 የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ በሕግ ተቋቋመ፤ ተማሪው ተበድሮ ይማራል፥ ሥራ ሲይዝ ይመልሳል። ከ1998 ጀምሮ ደግሞ «ትይዩ» የሚባል መርሐ ግብር ተከፈተ፤ መንግሥት የመደበው ልጅና ሙሉ ዋጋውን ከኪሱ የከፈለው ልጅ በአንድ ግቢ መማር ጀመሩ።

ከዚያ በ2023 ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ አዲስ አሠራር አወጁ። መንግሥት ለዩኒቨርሲቲዎች በጅምላ ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ ትቶ ለእያንዳንዱ ተማሪ በችሎታው ልክ ይመድብ ተባለ፤ ከፊሉ ስኮላርሺፕ፣ ከፊሉ ብድር፣ ከፊሉ ከቤተሰብ ኪስ። ኋላም ቤተሰቦች በ5 እርከን ተከፈሉ፤ በመጀመሪያው እርከን ያለው ቤተሰብ 5 ከመቶ፣ በመጨረሻው ያለው 40 ከመቶ እንዲያዋጣ ሆነ።

ሲሰሙት ፍትሕ ይመስላል። እኛም መጀመሪያ ስንሰማው አጨበጨብን። ያለው ይክፈል፣ የሌለው ይማር፤ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ሆኖም የአክስቱ ልጅ ፎርሙን ሲሞላ የገጠመውን ሲያጫውተን ጭብጨባችን ቀዘቀዘ። የቤተሰብህ የወር ገቢ ስንት ነው? አባቱ ግመል አርቢ ናቸው። አርብቶ አደር ደመወዝ የለውም፤ ደመወዝ የሌለው ሰው ደግሞ በወረቀት ላይ ወይ ድሃ ነው ወይ ውሸታም። ለመሆኑ ግመሉ ገቢ ነው? ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ቦረናና ሰሜን ኬንያ ላይ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ቀርቶ ከብቱ እንደ ቅጠል መርገፉን የማያውቅ የለም። ከዚያ የተረፈች ግመል ሀብት ናት ወይስ ከሞት ያመለጠች ነፍስ? ልጁ ለአባቱ ደውሎ «አባባ፣ ስንት ግመል አለን ብዬ ልጻፍ?» ቢላቸው «ከብት አይቆጠርም፤ ደግ አይደለም» ብለው ስልኩን ዘጉበት አሉ። በዚያ አገር የከብትን ቁጥር መናገር ያስቀሥፋል።

እኛ ሳቅን። የሞያሌው ልጅ ግን አልሳቀም። «እናንተ ድህነታችሁን አስረዱ ተብላችሁ አታውቁም» አለን። እውነቱን ነው። ድህነትን በማስረጃ ማቅረብ ራሱን የቻለ ውርደት አለው። ሰው መጥኖ የሚሰጥ መንግሥት የሰውን ጓዳ ገብቶ ማየት አለበት፤ ጓዳ ገብቶ የሚያየው ደግሞ የሚያውቀውን ዓይነት ጓዳ ብቻ ነው። የከተማ ደመወዝተኛን ጓዳ ያውቃል፤ የግመል አርቢን አያውቅም። በዲሴምበር 2024 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አሠራሩን አድልዎ ያለበትና ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ፈረደ፤ ነገሩም በይግባኝ ቀጠለ። ፍርድ ቤቱ ስለ ግመል ምን እንዳለ አልጠየቅንም።

ወደ እኛ ወረቀት እንመለስ። በእኛ አገር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 ከመቶ እንዲጋራ፥ ከተመረቀም በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 ከመቶ እየከፈለ እንዲጨርስ ተደነገገ። ማንም ግመል አይቆጥርብንም። የቦሌው ልጅና የቦረናው ልጅ በአንድ ብዕር እየተቀባበሉ እኩል ዕዳ ይፈርማሉ። ይህ እኩልነት ነው ወይ? አሪስቶትል እኩል ላልሆኑ ሰዎች እኩል ማከፋፈል ራሱ የጠብ ምንጭ ነው የሚለውን በሁለተኛ ዓመት የፍልስፍና ክፍላችን ተምረን፣ ፈተና ላይም ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። ዶርም ገብተን ግን የቦሌው ልጅ «እኔ ምን አደረግኋችሁ?» ሲለን መልስ አጣን። ምንም አላደረገንም እኮ። ደግ ልጅ ነው፤ ሎከሩ ውስጥ ያለውን ኩኪስ ሳይቆጥር ያካፍላል።

ነገር ግን ስለ እኩልነት ስናወራ አንድ ጉዳይ ዘልለን ነበር። ለመፈረም መጀመሪያ መድረስ ያስፈልጋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተቀምጠው ግማሹን ያመጡት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም፤ ከ100 ሰው 3 ማለት ነው። ያልደረሱት 97ቱ ወጪ አልተጋሩም ወይ? እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚባለው 15 ከመቶ የመጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከወጪ መጋራቱ ጥቂት ቀደም ብሎ። ሳሙና የሚገዛ ሁሉ ይከፍለዋል። ፈተናውን ወድቆ ወደ እርሻው የተመለሰው ልጅ ሳሙና ይገዛል። እናቱ ትገዛለች። እኛ የምንቀመጥበት ወንበር፣ የምናበራው መብራት፣ መምህራችን የሚበሉት ደመወዝ በከፊል ከዚያ ሳሙና የተቆነጠረ ነው። አብረውን ተምረው የወደቁት ልጆች አሁን እያስተማሩን ነው ማለት ነው፤ ማንም ግን አላስፈረማቸውም።

ይህን ዓይነቱን ዕዳ በግልጽ የተናገሩት መሪ የታንዛኒያው ጁሊየስ ኔሬሬ ናቸው። እርሳቸው ስለ ተማረ ሰው ምሳሌ ነበራቸው። ረኃብ የገባበት መንደር ነው። መንደርተኛው ያለችውን ምግብ ሁሉ ሰብስቦ ለአንድ ጎረምሳ ይሰጣል፤ እርሱ በርትቶ ሩቅ አገር ሄዶ እህል ይዞ እንዲመለስ። ጎረምሳው በልቶ ጠንክሮ በዚያው ቢቀር ምን ይባላል? ከሃዲ ነው ይላሉ ኔሬሬ። ምሳሌዋ ቀላል ናት፤ ካነበብናት ጀምሮ ግን ካፌ ውስጥ ጭልፋው ወደ ሳህናችን ሲዘነብል ትዝ ትለናለች። ምግብ አስጠላችብን ለማለት ይቻላል።

እነሆ በኦክቶበር 1966 የሆነው። የታንዛኒያ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ሁሉ ሁለት ዓመት ብሔራዊ አገልግሎት ይስጥ የሚል ሕግ አመጣ። ጥቂቱን ወራት በካምፕ፣ የቀረውን በሥራ ላይ ሆኖ የደመወዙን 40 ከመቶ ብቻ እየተቀበለ። ተማሪዎቹ ተቆጡ። ጋዋናቸውን ለብሰው፣ መፈክር ይዘው፣ በዳሬሰላም ጎዳና ወደ ቤተ መንግሥት ተመሙ። ከመፈክሮቹ አንዱ የቅኝ አገዛዝ ዘመን ይሻል ነበር ወደሚል ያጋደለ ነበር። ኔሬሬ አስገብተው ሰሟቸው። ከዚያ ተናገሩ፤ ቁጣቸው እስካሁን ይወራል። የደመወዝ ነገር ከተነሣስ የሁላችንም ደመወዝ ለዚህች ድሃ አገር ብዙ ነው አሉና የራሳቸውን ደመወዝ በ20 ከመቶ ቀነሱ። ወደ 400 የሚሆኑትን ተማሪዎች ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ አባርረው ወደየመንደራቸው ሰደዱ። ብዙዎቹ በሚከተለው ዓመት ተመለሱ። የአሩሻው መግለጫ የመጣው ከዚህ ሦስት ወር እልፍ ብሎ በፌብሩዋሪ 1967 ነው፤ ያ ቀን ለመግለጫው መንገድ ጠረገ የሚሉ አሉ።

በዚህ ታሪክ ዶርማችን ለሁለት ተከፈለ። ሦስታችን ከኔሬሬ ጋር፣ ሦስታችን ከተማሪዎቹ ጋር ሆንን። ከኔሬሬ ጋር የቆምነው ያልነው ይህን ነው። በዚያ ዘመን መላው ታንዛኒያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነበር። ገበሬው ባዶ እግሩን እየሄደ ያስተማረው ልጅ አሥራ ስምንት ወር በአርባ ከመቶ ደመወዝ ሥራልኝ ቢባል ቅኝ ገዥን እስከመናፈቅ መድረሱ ያሳፍራል። ደግሞ መሪው ከራሱ ጀመረ። ከራሱ የሚጀምር መሪ ስንት አይተናል?

ከተማሪዎቹ ጋር የቆሙት ደግሞ አንድ የሒሳብ ነገር አመጡ። ፕሬዚዳንቱ የተቀነሰባቸው ሃያ፣ ልጆቹ እንዲተዉ የተጠየቁት ስድሳ። (ይህን ያሰላው የታሪክ ተማሪ ነው፤ ሒሳብ ጠልቶ ነው ወደ እኛ የመጣው።) የለም፣ የፕሬዚዳንቱ ለዘለቄታው ነው፣ የልጆቹ ለጊዜው ብለን መለስን። ይህ ክርክር አንድ ሌሊት ወሰደ። ሲነጋጋ የሞያሌው ልጅ ያነሣው ጥያቄ ግን ከሁሉ ይበልጥ አስጨነቀን፤ ዛሬም አለቀቀንም። «እሺ፣ ዕዳው የመንደሩ ነው እንበል። መንደሩ መንግሥትን ዕዳ ሰብሳቢ አድርጎ የሾመው መቼ ነው?»

ልብ በሉ። በምሳሌው ውስጥ ምግቡን የሰጠው መንደሩ ነው፤ እህሉን የሚጠብቀውም መንደሩ ነው። በታሪኩ ውስጥ ግን ጎረምሳውን የጠራው፣ የፈረደበት፣ ያባረረውም መንግሥት ነው። መንደሩና መንግሥቱ አንድ ከሆኑ ኔሬሬ ትክክል ናቸው። አንድ ካልሆኑ ልጁ ለአንዱ የተበደረውን ለሌላው እየከፈለ ነው። እኛ ሦስታችን ኔሬሬን የወደድነው እርሳቸው በእርግጥ ከመንደሩ ጋር የቆሙ መስለው ስለታዩን ነው። ለሌላ መሪ ይህንኑ ሥልጣን እንሰጥ ነበር ወይ ስንባል ዝም አልን። ኤርትራን ማየት ይበቃል። እዚያ ብሔራዊ አገልግሎት በ1995 በሕግ ሲደነገግ 18 ወር ነበር፤ ከድንበሩ ጦርነት በኋላ ግን ማብቂያው ጠፋ። በ2003 የመጨረሻው የሁለተኛ ደረጃ ክፍል ወደ ሳዋ ካምፕ ተወሰደ፤ ኋላም የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋ። ገንዘብ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ዕድሜ ነው።

እኛም በጉልበት የመክፈልን መንገድ እናውቀዋለን። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛው ያስተምር ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት ነው «መሬት ለአራሹ» ተብሎ ሰልፍ የተወጣው። የዚያን ዘመን ሰዎች እንደሚሉት ከአገልግሎት የተመለሰ ልጅ እንደ ሄደ ሆኖ አይመለስም፤ ጭሰኛን በመጽሐፍ ሳይሆን በዓይኑ አይቶት ነው የሚመጣ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ዘመቱ። የፈቀደም ያልፈቀደም ዘመተ። ስለዚህ ከታላላቆቻችን «ዕዳችንን ገጠር ወርደን ከፍለናል» የሚል ቢኖር አንከራከረውም። እኛ ግን የምንከፍለው በደመወዝ ቆረጣ ነው፤ ገበሬውን ሳናየው። የቱ ይሻላል? አንዳንዶቻችን አንድ ዓመት ገጠር ማስተማር ይሻለን ነበር ብለን ፎክረናል። የጋይንቱ ልጅ «እኔ ከዚያው ነው የመጣሁት፥ ለእኔ አገልግሎት ሳይሆን ወደ ቤት መመለስ ነው» ሲል ፉከራው ቆመ።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ። በ1958 በፈረንጆች አቆጣጠር ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ተማሪዎች የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጥተው ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከሌላም አገር ልጆች አዲስ አበባ መጥተው ተምረዋል። እነዚያ ልጆች ከቅኝ አገዛዝ ጋር የሚታገሉ ነበሩና አንደበታቸው ስል ነበር፤ የእኛን ዝምተኛ ተማሪዎች አነቁ ይባላል። ታዲያ ማን ለማን ከፈለ? ወጪው የኢትዮጵያ ገበሬ ነው፤ ያ ገበሬ ያገኘው ትርፍ ቢኖር ለእርሱ የሚጮሁ ልጆች ናቸው። እንዲህ ያለውን ሒሳብ የሚዘጋ ሒሳብ ሹም አልተወለደም።

ስለ ማኬሬሬ ባጭሩ እናልፋለን፤ ስቴንስሉ ገጽ ይቆጥርብናል። እዚያ ተማሪው ከነጻ ትምህርቱ ሌላ የኪስ ገንዘብም ይቀበል ነበር። በአበል መቆረጥ የተነሣ በዲሴምበር 1990 ተቃውሞ ተደርጎ ፖሊስ ሁለት ተማሪዎችን ተኩሶ ገደለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከፋይ ተማሪዎች መግባት ጀመሩ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ አብዛኞቹ ከፋዮች ሆኑ፤ ክፍሉ ሞልቶ ተማሪ በመስኮት ተንጠልጥሎ እስከ መማር ደረሰ ይባላል። ማሕሙድ ማምዳኒ በ2007 ባወጡት መጽሐፍ የራሳቸውን ዩኒቨርሲቲ ገበያ ወጣ ብለው ወቅሰዋል። ግን ለማኬሬሬ ከፋዮችም አንድ ቃል ይገባል፤ ያ በር ባይከፈት ኖሮ ስንቱ ውጭ ቀርቶ ነበር? ሱዳንን ደግሞ ምን ብለን እናወዳድራት? በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ሲፈነዳ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግቢያቸው ውስጥ ታግተው ቀሩ፤ የተገደለ ጓደኛቸውን ማውጣት ስላልተቻለ እዚያው ግቢው ውስጥ ቀበሩት። ከዚህ በኋላ ስለ ክፍያ መጻፍ ብዕር ያስጥላል።

በእኛም ግቢ ከፋይ አለ። መሽቶ እኛ ወደ ላይብረሪ ስንሄድ የኤክስቴንሽን ተማሪዎች ይገባሉ። አንዱን በቅርብ እናውቃቸዋለን፤ ቀን የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ናቸው፤ ማታ አካውንቲንግ ይማራሉ፤ ከደመወዛቸው ላይ በየሴሚስተሩ ይከፍላሉ። ጋሼ እንላቸዋለን። ወንበራቸው የእኛው ወንበር ነው፣ መምህራቸው የእኛው መምህር ናቸው። እኛ ደመወዝ የሌለን በዱቤ፣ እርሳቸው ድሃው በጥሬ ገንዘብ። ለምን? እኛ ፈተና ስላለፍን። ጋሼ ግን በተማሩበት ቦታ የፊዚክስ መምህር እንኳ እንዳልነበራቸው ነግረውናል። አንድ ቀን ይህ አያናድድዎትም ወይ አልናቸው። «እኔ እኮ ስጨርስ ማንም አንገቴን አይዘኝም» አሉን። ይህን መልስ አንወደውም፤ ግን ልንረሳው አልቻልንም። ሰው ዋጋውን ከፍሎ ከተማረ ለመንደሩ የሚቀርበት ነገር የለም ማለት ነው? ትምህርት ሸቀጥ ሲሆን ውለታ ይጠፋል፤ ውለታ ሲጠፋ ደግሞ ሐኪሙ ለገዛው ዕውቀት ዋጋ ያስከፍላል እንጂ ለማን ብሎ ገጠር ይወርዳል? በዚህ መንገድ ያሰብን እንደሆነ ዕዳ ደግ ነገር መስሎ ይታየናል። ዕዳ ያለበት ሰው ቢያንስ የሚያስታውሰው ሰው አለ።

ሆኖም የእኛን ዕዳ ጠጋ ብለን ስናየው የሚከብደው በማን ላይ ነው? ትክክለኛውን ዲግሪ ለማውጣት ወጪ መጋራቱ መከፈሉን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይጠየቃል። ወረዳ ተቀጥሮ የሚሠራው ልጅ በየወሩ እየተቆረጠበት ዓመታት ይገፋል። ወደ ውጭ የሚሄደው ግን ዘመዱ ዶላር ልኮለት ባንድ ቀን ጥርግ አድርጎ ከፍሎ ይሄዳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር ሲወርድ፥ አንዱ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ከ100 በላይ ሲገባ፥ የሚሄደው ልጅ ዕዳ በግማሽ ተቃለለ። የሚቀረው ልጅ ዕዳ ባለበት ቆሞ ሽንኩርትና ቤት ኪራይ ተወደደበት። በኔሬሬ ምሳሌ እንናገር ካልን፥ እህል ይዞ የተመለሰው ጎረምሳ በየወሩ ይከፍላል፤ በዚያው የቀረው ባንድ ጊዜ ከፍሎ ነጻ ወጣ፤ ደረሰኝም አለው። በሕግ ዓይን ከሃዲ አይደለም። ከዶርማችን ውስጥ ሁለቱ ይህን መንገድ ያስባሉ፤ ስማቸውን አንጠራም፤ እነርሱም ይህን ጽሑፍ አብረውን ጽፈውታል። «ተመልሼ እመጣለሁ» የሚለውን ቃል ከጽሑፉ እንድናወጣ የጠየቁትም እነርሱ ናቸው፤ ሊዋሹ አልፈለጉም።

አሁን ወደ ጋይንቱ ልጅ ነገር እንምጣ፤ ይህን ሁሉ ያስጻፈን እርሱ ነውና። እርሱ ሁለተኛ ደረጃን የተማረው ወረዳው ከተማ ቤት ተከራይቶ ነው፤ ከመንደሩ የአንድ ቀን መንገድ ገደማ። በየሳምንቱ ስንቅ ይመጣለት ነበር። ድርቆሽ፣ በሶ፣ አንዳንዴ ዳቤ። የምታዘጋጀው ታናሽ እህቱ ናት። እርሱ ከተማ ሲገባ ከብቱን የሚጠብቅ ጠፍቶ እርሷ ከ5ኛ ክፍል ወጣች። አንድ ማታ ወጪ መጋራቱን ስንከራከር ፎርሙን አወጣና «ስንቅ የሚል መስመር የት አለ?» አለን። ቀልድ መስሎን ነበር። ወረቀት አንሥቶ አሰላ፤ አራት ዓመት፣ በዓመት አርባ ሳምንት፣ መቶ ስድሳ ስንቅ። ገብሱን የቆላችው፣ የፈጨችው፣ ቅዳሜ ገበያ ለሚወርድ ሰው ያሸከመችው እርሷ ናት። ሳሙና ስትገዛ ታክስ ትከፍላለች፤ ከዚያም በላይ ትምህርቷን ከፍላለች።

ክርክራችን ሁሉ መንግሥትና ተማሪ፣ ገበሬና ምሁር እያለ ሲሄድ ይህቺን ልጅ አላያትም ነበር። ገበሬው ስንል ወንድ ገበሬ ነበር የሚታየን። የኬንያው ፎርም የቤተሰብ ድርሻ ይላል፤ ቤተሰብ ውስጥ ግን የማን ድርሻ እንደሆነ አይጠይቅም። የእኛ ፎርም ቤተሰብ የሚል እንኳ የለውም። የኔሬሬ መንደርም ምግቧን ሰብስቦ ለጎረምሳው ሲሰጥ ከማን አፍ ቀድሞ እንደ ነጠቀ አይናገርም። የሞያሌው ልጅ ይህንን ለአክስቱ ልጅ ቢነግረው እነርሱም ዘንድ ያው ነው አለው፤ ለክፍያው ሐራምቤ ተደርጎ መንደሩ በሙሉ ሲያዋጣ እህቱ ለጥሎሽ የመጣውን አስይዛለች። ሁለቱ የአንዲት አያት ልጆች ዕዳ ማወዳደሩን ከዚያ ወዲህ ተዉት።

የጋይንቱ ልጅ ለፋሲካ እረፍት አገሩ ሄዶ ነበር። እህቱ አሁን አግብታለች። ማታ ትምህርት ጀምሪ፣ ደብተሩን እኔ እገዛለሁ ብሎ ለመናት። ሳቀችበት። ውኃውን ማን ይቅዳ፣ ሊጡን ማን ያቡካ አለችው። እሺ ምን ላድርግልሽ ቢላት፥ ሥራ ስትይዝ ልጄን ከተማ ወስደህ አንተ ዘንድ አስተምርልኝ አለችው። ገንዘብ አላነሣችም። ዓይኑን እያየች ነው የጠየቀችው፤ ልጁም ጉልበቷ ሥር ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

እሺ ብሏታል። በፊታችን የመውጫ ፈተና አለ፤ ከዚያ ሥራ መፈለግ አለ፤ ከተገኘም 10 ከመቶው ይቆረጣል፤ ከቀረው ቤት ኪራይ ይከፈላል፤ ከዚያ የቀረ ካለ የልጁ ነው። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው።